ለምን የኔን?

በዚያ ዓመት ዝናቡ ያለ ወቅቱ መጣ። ጭቃ የምናቦካበት ወር ደረቀ፤ ጡብ የምናደርቅበት ወር ረጠበ። ወንዙ መጀመሪያ ጎደለና ውሃ ከሩቅ በጀሪካን ተሸከምን። ከዚያ ሞላና የሸክላ አፈር የምንቆፍርበትን ዳርቻ ይዞት ሄደ። ማገዶ ጠፋ። የተገኘውም እርጥብ ነበርና ከመንደድ ይልቅ መጨስ ይቀናው ነበር። ከእቶኑ የወጣው ጡብ ግማሹ በስሎ ግማሹ ጥሬ ሆነ። ባለጋሪው በቅሎውን ሸጠና ጋሪውን በራሱ ትከሻ መጎተት ጀመረ። አንዳንዶቹ ግቢውን ትተው ሄዱ። ልጆች ሳል ያዛቸው። ከጡብ ሠሪዎቹ የአንዱ ሕፃን ሞተ። ቀበርነው፤ በማግስቱ ሥራ ገባን።

እኔ የእቶኑ እሳት ጠባቂ ነበርሁ። ጡብ አልሠራም፤ ሌላው የሠራውን አበስላለሁ። እቶኑ የጋራ ነው። የማን ጡብ መቼ እንደሚገባ የምናገረው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ደህና ፊት ያሳየኛል። እኔም ፊት ማየት ለመድሁ።

ግቢያችን ከወንዙ ዳር፣ ተዳፋት ላይ ነው። በሩ ከላይ ነው፤ ወንዙ ከታች። እያንዳንዱ ጡብ ሠሪ የራሱ መደብ አለው። ጥሬውን ጡብ እዚያ እየደረደረ በነፋስ ያደርቀዋል። ጥሬ ጡብ መልክ የያዘ ጭቃ ነው፤ ዝናብ ካገኘው ወደ ቀድሞ ነገሩ ይመለሳል። ስለዚህ ሁሉም በክምሩ አጠገብ ሸራ ያኖራል። ሸራው ላይ ደግሞ ሕግ አለን። «በዝናብ የኔ የለም» እንላለን። ደመና ሲከብድ ግቢው ውስጥ የተገኘ ሰው የራሱን ክምር ትቶ ከታችኛው ዳር ይጀምራል፤ ጎርፉ የሚጠራቀመው እዚያ ነውና። ከታች ወደ ላይ እየሸፈነ ይወጣል። የራሱ መደብ የመጨረሻ ከሆነ የመጨረሻ ነው። እሑድ ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አንድ ሰው ተራ ገብቶ ግቢውን ይጠብቃል።

የታችኛው ዳር የአንዲት ሴት ነበር። ባሏ ከእኛ ጋር ይሠራ ነበር፤ ሲሞት የጡብ ቅርጹን አንሥታ መጣች። «ሴት ጭቃ ማቡካት ለቤቷ ትችላለች፤ እዚህ ግን ወገቧ ይቆረጣል» አሏት። ከሁላችን የባሰውን መደብ ሰጧት፤ ወገቧም አልተቆረጠም። ከዚያ ወዲህ ብረቷ ተባለች። ከሴት ልጇ ጋር የምትኖረው በአንድ ጫማ ሠሪ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። ቆዳና ሙጫ ይሸታል። ጫማ ሠሪው ቆዳ ለመውሰድ ሲፈልግ በር ሳያንኳኳ ይገባል፤ ቤቱ የሱ ነዋ። በዚያ ክፉ ዓመት ብረቷ የምትሠራው ጡብ ለሽያጭ ብቻ አልነበረም። ለሽያጭ የሚሆነውን ከሠራች በኋላ ማታ ማታ ለራሷ ቤት የሚሆን ታበጅ ነበር። የታችኛው ዳር ላይ ተደርድሮ የነበረው እሱ ነው።

በሩ አጠገብ ያለው የላይኛው መደብ ደግሞ ሸምበቆ የምንለው ሰው ድርሻ ነበር። ረጅም ነው፤ ቀጭን ነው፤ ነፋስ ባየ ቁጥር ይጎብጣል። ልጆቹ ብዙ ናቸው። ድምፁ ግን ያማረ ነበርና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር የሚያነሣው እሱ ነበር።

አንድ እሑድ የጥበቃው ተራ የሸምበቆ ሆነ። እኛ በጸሎት ላይ ሳለን የቆርቆሮው ጣሪያ መንጣጣት ጀመረ። ሽማግሌው ቄስ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ጣሪያውም ከፍ አደረገ። በመጨረሻ መጽሐፋቸውን ዘጉና፣ «ሂዱ» አሉን፤ «እግዚአብሔር ጭቃም ውስጥ ሆናችሁ ይሰማችኋል።» ሮጥን።

ስንደርስ ክምሩ ሁሉ ተሸፍኗል። የታችኛው ዳር ብቻ ራቁቱን ነው። የብረቷ ጡብ እንደ ሰም ቀልጦ ወደ ወንዙ እየወረደ ነበር። ሸራዋ የለም። ፈለግን። ላይኛው መደብ ላይ፣ የሸምበቆ ክምር ላይ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ተጭኖበት አገኘነው። ሸራዋን የማያውቅ አልነበረም፤ ባሏ ከጭነት መኪና የገዛው አሮጌ ሸራ ነው፤ ቀዳዳውን ሁሉ በቀይ ክር ጥፋዋለች።

«ነፋስ ነው» አለ ሸምበቆ። ውሃው ከአፍንጫው ይንጠባጠባል። «ነፋሱ የሷን ገፎ እኔ ጋ አመጣው።»

ከመደቡ ቀጥሎ የሚሠራው ሰው ሳቀ። ይህን ሰው ሚዛኑ እንለዋለን፤ ፍርድ የማይሰጥበት ነገር የለም። «ነፋሱ ድንጋይም ጫነበት?» አለው።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«እንዲያማ ከሆነ ከነገ ጀምሮ በግንባርህ ታያለህ።»

አንዳንዶች ሳቁ። ከዚያ ብረቷን አዩ። ብረቷ አላለቀሰችም። ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ነበር፤ ከሥር ያልቀለጠ ቢኖር ፍለጋ። ልጇ አጠገቧ ቆማ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

በማግስቱ የመሣሪያ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ሽማግሌው ቄስ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ሸምበቆ ያን ጊዜ የነፋሱን ነገር ትቶት ነበር።

«ወሰድኩ» አለ። «የኔን ነፋስ ቀደደው። ጨነቀኝ። ወሰድኩ።»

ሚዛኑ ተነሣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሞተው ሕፃን ሳጥን የሠራው እሱ ነው። «እኛ በጸሎት ላይ፣ እሱ በስርቆት ላይ» አለ። «ከእቶኑም ይውጣ፤ ከቤተ ክርስቲያኑም ይውጣ። ክርስቲያን እንዲህ ያለውን አይቶ ዝም ካለ ከሌባው በምን ይለያል?»

ከእቶኑ መውጣት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የሸምበቆ ጡብ ሳይበስል ይቀራል፤ የልጆቹም እንጀራ እንዲሁ።

ባለጋሪው የሸምበቆ ሚስት ወንድም ነበር። «አትፍረዱ ተብሏል» አለ። «የወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ማብዛት ነው ይሄ! እናንተ እነማን ናችሁ? ዛሬ እሱ ነው፤ ነገ እናንተ ናችሁ። ይተውና ይለፍ።»

«ለማን ይለፍ?» አለች ብረቷ። ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «አትፍረዱ የሚለኝ ሰው ሁሉ ጣሪያ ያለው ነው።»

ቄሱ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ፣ ልጄ? ምን ይሁንልሽ ትያለሽ?»

«እንዲባረር አልፈልግም፣ አባ። ከተባረረ ማን ጡቤን ይሠራልኛል? እሱ?» ወደ ሚዛኑ ጠቆመች። ሰው ሳቀ፤ ሚዛኑም ሳቀ። «ጡቤን በጡብ ይመልስ። ሌላ ደግሞ አንድ ነገር ይንገረኝ።»

ወደ ሸምበቆ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። ከደረቱ በላይ አትደርስም።

«ያንተ መደብ ከላይ ነው፤ በሩ ጋ። የኔ ከታች ነው፤ ወንዙ ጋ። በመሀል ያለው ሁሉ ሸራ ነው። ሁሉን አለፍክ። በዚያ ዝናብ ቁልቁለቱን ወረድክ። የኔን ገፈፍክ። እርጥብ ሸራ ተሸክመህ ዳገቱን ተመለስክ። ለምን የኔን?»

ሸምበቆ አፉን ከፈተ። እሷን አየ። እኛን አየ። ከዚያ መሬቱን።

«ጨነቀኝ» አለ።

«ይጭነቅህ። ለምን የኔን?»

ባልዲው ሲንቋቋ ብቻ ተሰማ። ቄሱ ተነሡና፣ «ጡቡን ይከፍላል፤ ከእቶኑ አይወጣም» ብለው ፈረዱ። ብረቷም፣ «ይሁን» አለች። «ይሄኛው ግን ዕዳ ሆኖ ይደር።»

ጡቡን ከፈለ። ጠዋት ለራሱ ሳይጀምር መጀመሪያ ለሷ ይሠራ ነበር። ከእቶን ሲወጣ እሷ ሁለት ሁለት እያነሣች እርስ በርሱ ታጋጨዋለች፤ ጆሮዋን ታዘነብላለች። ደህና ጡብ እንደ ደወል ነው፤ ያልበሰለ ጡብ ደግሞ እንደ ሰነፍ ተማሪ ድምፁ አይሰማም። ያልጣማትን ወደ ጎን ትጥላለች።

«ይሄ ጡብ ነው ዳቦ?» ትለዋለች።

«ጡብ ነው፣ እህቴ።»

«እንግዲያው አንተ ብላው።»

ሌላ ይሠራል። ሁለት በጋ እንዲህ አለፈ። ቤቷ ቆመ፤ ባለ ሁለት ክፍል። ግድግዳው ሲሠራ የግቢው ሰው በሙሉ መጣ፤ ሸምበቆም መጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የተሸከመው እሱ ነው። ለሁሉም ሻይ ቀዳች፤ ለሱም ቀዳችለት። ብርጭቆውን ይዞ፣ «ይቅር በይኝ» አላት።

«ለምኑ?»

«ለሸራው።»

«ሸራዬ ተመለሰልኝ።»

«ለጡቡ።»

«ጡቤን ከፈልክ፤ ይኸው ግድግዳ ሆኗል። ለምን የኔን?»

ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ጡቡ ተመለሰ።

ሽማግሌው ቄስ አንድ ሥርዓት ነበራቸው። የተቀያየሙ ሰዎች ሳይታረቁ ወደ ቁርባን አይቀርቡም፤ ውስጥም አይቆሙም፤ ከበሩ ውጭ ቆመው ይጸልያሉ። ስለዚህ ሸምበቆ ከበሩ ግራ ባለው ዓምድ፣ ብረቷ ከበሩ ቀኝ ባለው ዓምድ ሥር መቆም ጀመሩ። እሑድ አልቀሩም። በዝናብም በፀሐይም ቆሙ። እኛ በመሀላቸው እያለፍን እንገባለን፤ ባለጋሪው፣ «አንበሳ ያለበት የቤተ መንግሥት በር ይመስላል» ይል ነበር። መዝሙሩን ሌላ ሰው ያነሣ ጀመር። የሱ ድምፅ ግን አልፎ አልፎ ከውጭ ይሰማል፤ በቀስታ።

ዓመታት ሄዱ። የሰው አፍም ዞረ። በመጀመሪያ «ምስኪን» የሚሏት እሷን ነበር። ጡቡ ተከፍሎ ቤቱ ሲቆም «አሁንስ አበዛችው» ማለት መጣ። ከዚያም «ምን ዓይነት ክርስቲያን ናት?» ሆነ። ሸምበቆ ሸበተ፤ ጀርባው ጎበጠ፤ የጎበጠ ሰው ደግሞ ያሳዝናል። እሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ሰው ማን ያዝናል? አንድ ቀን ሚዛኑ እቶኑ አጠገብ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? አልበዛም?» አለኝ። «ጠየቀች እንጂ ሌላ ምን አደረገች?» አልሁት። መልሴን አልወደደውም።

ሽማግሌው ቄስ ሞቱ። በምትካቸው ወጣት ቄስ መጡ። ቅን ሰው ናቸው፤ የታመመ ሲጠይቁ ቆመው አይወጡም፤ ተቀምጠው ነው። በበሩ ላይ የቆሙትን ሁለት ሰዎች አይተው ዕረፍት አጡ። በዚያው ሰሞን የብረቷ ልጅ ታጨች። እጮኛው አናጢ ነው። ሠርጉ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሊሆን ነው።

ቄሱ ሊያናግሯት ቤቷ የመጡ ቀን እኔ እዚያ ነበርሁ። ምድጃዋ ጢስ መልሶ ስላስቸገራት የጢስ መውጫውን እያስተካከልሁ፣ እጄ ጭቃ ውስጥ ነበር። ልጇ ሻይ አቀረበች።

«እናቴ፣ ሰውየው ስንት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀዎት?» አሉ ቄሱ።

«ብዙ ጊዜ።»

«እና ምን አሉት?»

«ለምኑ አልኩት።»

«እናቴ፣ የሰው ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ነው። እኛ ፈራጅ አይደለንም።»

«እኔስ መቼ ልፍረድበት አልኩ፣ አባ? ይንገረኝ ነው ያልኩት። ያልነገረኝን ምኑን ይቅር እለዋለሁ? ገበያ ሄጄ ከረጢቱ ሳይፈታ ግዢ እንደ መባል ነው።»

ቄሱ የሻይ ብርጭቆውን አዟዟሩት። «የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ነገሩን እሑድ ሊያነሣው ነው። እርቅ ካልወረደ ሥርዓቱ ሥርዓት ነው። በሠርጉ ዕለት ውስጥ ገብተው ከልጅዎ ጎን መቆም አይችሉም። ይህን ልነግርዎት መምጣቴ ደስ ብሎኝ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ አባ። ሻይዎ ቀዘቀዘ።»

ሳይጠጡት ሄዱ። ልጅቷ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«እማዬ! አንድ ቃል እኮ ናት። ምሬዋለሁ በይና ይለቅልሽ።»

«አፌማ ይላል። ልበል?»

«በያ!»

«ከዚያ አንቺ ስታገቢ ጎንሽ የሚቆመው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ አፌ?»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «አባት የለኝ። አንቺም በር ላይ ልትቆሚ ነው። የእጮኛዬ ዘመዶች ሁሉ ሲገቡ እናቷ ምን ሠርታ ነው ውጭ የቆመችው ይላሉ። ይሄን አስበሽዋል?»

ብረቷ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን ሰጥታን ነበር። «ከዚህ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም» አለች። አንዱን ብርጭቆ ደጋግማ አጠበችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሯት እንጂ!» አለችኝ ልጅቷ።

«ጭቃው እየደረቀብኝ ነው» አልኋት።

ከዚያ እሑድ አስቀድሞ ሸምበቆ እቶኑ ዘንድ መጣ። የሱ ጡብ ውስጥ ስለነበረ ማገዶ ሊያቀብለኝ ነው። እሳቱን ከፍተን ከዘጋን በኋላ በጉባኤው ምን እንደሚነሣ ነገርሁት። ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ሰው የሚያወራበት ቦታ አይደርስም።

«ከሠርጉ ውጭ ሊያደርጓት?» አለ።

«ከሠርጉ ውጭ።»

«በኔ ምክንያት?»

«ባንተ።»

«እኔ እኮ ምንም አላልኩም፣ ጋሼ። ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም።»

«ደግም አልወጣም» አልሁት።

እንጨት በእጁ ይዞ ቆመ። ፊቱ ላይ የእሳት ብርሃን ነበረ። የሚያስበው ሁለት ነገር እንደነበር አየሁ። ዝም ካለ ጉባኤው ለሱ ይፈርድለታል፤ ከዓምዱ ለቅቆ ይገባል፤ መዝሙሩን መልሶ ያነሣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እሷ ውጭ ስትቀር ነው። እንጨቱን ሰጠኝና ሄደ። ደህና ይዋሉም አላለኝ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰበ። ብረቷ ከዓምዷ ሥር ናት፤ ልጇ አጠገቧ። ሸምበቆ ከዓምዱ ሥር ነው፤ ቆቡን በእጁ ይዟል። ሚስቱ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ቄሱ ነገሩን አጭር አድርገው ተናገሩ፤ ሁለቱንም አልነቀፉም። ከዚያ ሚዛኑ ተነሣ።

«ያኔ ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «አልደብቅም። ግን ሰውየው ከፈለ። ጡቡን ከፈለ። ጉልበቱን ከፈለ። ቤት አቆመላት። ከዚህ ሌላ ምን ቀረው? ነፍሱን ያውጣላት?»

«ልቧ ድንጋይ ነው» አለ አንድ ድምፅ ከሴቶቹ መካከል።

«ስሟስ ብረት አይደል!» አለ ሌላው። ሳቅ ሆነ።

ብረቷ ሻሿን አስተካከለች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ልጇ ግን አንገቷን ደፋች። እጮኛዋ ከወንዶቹ መካከል ነበር፤ አባቱ በጆሮው የሆነ ነገር አለው።

«እናቴ፣ በሁሉ ፊት እጠይቅዎታለሁ» አሉ ቄሱ። «ይቅር ይሉታል?»

«ሲነግረኝ፣ አባ።»

«ሳይነግርዎትስ?»

«ሳይነግረኝ ከየት አመጣዋለሁ?»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲያውስ…» ብለው ጀመሩ።

«አባ፣ ይቆዩ» አለ ሸምበቆ።

ከዓምዱ ለቅቆ ወደ መሀል መጣ። ቆቡን መሬት ላይ አኖረው። እጆቹን የሚያኖርበት አጥቶ ወደ ኋላ አደረጋቸው።

«አበዳሪዋን ነው የያዛችሁት» አለ። «ባለዕዳው እኔ ነኝ።»

ወደ ሰዉ ቀና አለ።

«ለምን የኔን አለችኝ። ጨነቀኝ አልኳት። ውሸት ነው። ጨንቆኝ ቢሆን ቅርቡን እወስድ ነበር። ሸራዬ ሲቀደድ አጠገቤ የነበረው ያንተ ነው።» ወደ ሚዛኑ ዞረ። «እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። ዘረጋሁም። ከዚያ፣ ይሄ ሰውዬ አጥንቴን ይለቅመዋል አልኩ። ተውኩት። ቀጥሎ የወንድማማቾቹ ነው። አንዱን ብነካ ሌላው አለ፤ ተውኩት። ቀጥሎ ሕፃኑ የሞተበት ሰው ሸራ ነው። ሀዘንተኛ ነው፤ የሱን ብነካ ሰው ሁሉ ይነሣብኛል አልኩ፤ ተውኩት። እንዲህ እያልኩ ወረድኩ። በያንዳንዱ ሸራ ላይ ቆሜ፣ ይህ ሰው ማን አለው፣ ማን ይመጣብኛል እላለሁ። ዝናቡ እየመታኝ። ታች ደረስኩ።»

ወደ እሷ ዞረ።

«ባል የላትም አልኩ። ወንድም የላትም አልኩ። ብትጮህም ማን ይነሣላታል አልኩ። ማንም አይነሣላትም። ለዚህ ነው ያንቺን የወሰድኩት፣ እህቴ። ሰው እንደሌለሽ አይቼ መረጥኩሽ። የሚቀልጠው ጡብ ለምን እንደሆነም አውቅ ነበር። የጫማ ሠሪውን ዕቃ ቤት አውቀዋለሁ። እያወቅሁ ነው።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞረ።

«ይሄን በናንተ ፊት ማለት አቃተኝ፤ እናንተንም ይነካልና። ዛሬም ይኸው ቆማለች፤ ይኸው ማንም አልተነሣላትም።»

ሚዛኑ አፉን ከፈተ። ሚስቱ የኮቱን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ሳበችው፤ ተቀመጠ። የሸምበቆ ሚስት ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ መሆኑን ከፊቷ አየሁ። ቄሱ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ብረቷ ከዓምዷ ለቀቀች። ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። አሁን ስለጎበጠ ብዙም አይበልጣትም።

«ይኸው ነው?» አለችው።

«ይኸው ነው።»

«ሌላ የለም?»

«ሌላ የለም።»

«የማላውቀው መሰለህ?» አለች። «የዚያኑ ቀን፣ እጄ ጭቃው ውስጥ ሳለ አውቄዋለሁ። ግን ብቻዬን ነበር የማውቀው። ይሄ ሁሉ ዓመት ብቻዬን። ሰው ሲያየኝ ብረት ነች ይላል፤ እኔ ግን ማንም የማይነሣላት ሴት መሆኔን እያወቅሁ ስገባ ስወጣ ኖርኩ። ካንተ አፍ እንዲወጣ ነበር የፈለግሁት። ሰውም ይወቀው ብዬ።»

ሸምበቆ አለቀሰ። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ።

«ጠጉርህ እስኪሸብት ምን ትጠብቅ ነበር፣ አንተ ሰውዬ?»

«አፈርኩ።»

«እፈር። ማፈርህ ደህና ነው።» ጎንበስ ብላ ቆቡን አነሣች፤ አፈሩን አራገፈችና ሰጠችው። «አሁን ከፍለሃል። ለሸራውም፣ ለጡቡም፣ ለዚህም ምሬሃለሁ።»

ተቀበላት። እጇን ሊስም ሲጎነብስ ነሥታው ትከሻውን ያዘችው፤ ቀና እንዲል። ቄሱ ከደረጃው ተነሡ። ሄደው የቤተ ክርስቲያኑን በር ከፈቱ። ሁለቱም ገቡ።